ለከሳ ሰውም አንድ ዓምድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጤና ዓምዳችሁን ለዓመታት ሳላቋርጥ አንብቤአለሁ። ቦርጭን ስለ ማጥፋት፣ ጣፋጭን ስለ መተውና በእግር ስለ መሄድ ያወጣችሁት ጽሑፍ የሚያስመሰግናችሁ ቢሆንም፣ ሳይፈልግ ስለሚከሳ ሰው የተጻፈ አንድም ጊዜ አላጋጠመኝም። እኔ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከተውኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ በዕፅዋት ብቻ ከሚመገቡ ሰዎች መካከል ክሳቱ የሚያስጨንቀው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ስለ ተረዳሁ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ነገሩን መጀመሪያ የነገረኝ ቀበቶዬ ነው። በአንደኛው ዓመት ማብቂያ ላይ የመጨረሻው ቀዳዳ ስላልበቃኝ በሚስማር አዲስ በሳሁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ደገምኩ። አንድ ቀን እጄን በሳሙና ስታጠብ የጋብቻ ቀለበቴ ከጣቴ ሾልኮ ወደቀ። ባለቤቴ አይታ ምንም አላለችም፤ ማታ ግን ቀለበቱን ከውስጥ በኩል በክር ተጠምጥሞ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት።

የሌሎች ሰዎች አስተያየት ግን እንዲህ ዝምተኛ አልነበረም። «ምነው፣ አሞህ ነበር?» የሚለው የዘወትር ሰላምታዬ ሆነ። አንድ የሥራ ባልደረባዬማ የእጄን አንጓ በአውራ ጣቱና በመሃል ጣቱ ከብቦ፣ ጣቶቹ ምን ያህል እንደ ተደራረቡ ለሌሎች ያሳይ ነበር። ወፍራምን ሰው እንዲህ ይዞ መለካት ነውር መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ፣ ቀጭን ሲያገኝ ድርጊቱን ከአሳቢነት ይቆጥረዋል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በሰው ላይ መጣል አልችልም። ስለ ሰውነቴ ስጠየቅ ስለ አመጋገቤ ትክክለኛነት እከራከር ነበር። «ዝሆንም እኮ ሥጋ አይበላም» የሚል ዝግጁ መልስ ነበረኝ፤ ዝሆን ያን የሚያህል ገላ ለመሸከም ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት ሲበላ እንደሚውልና በቀን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ቅጠልና ሣር ሊያስገባ እንደሚችል ግን አላሰብኩበትም። ቁጥሩ ካነሰ ምርጫዬ የተሸነፈ ስለሚመስለኝ ሚዛን ላይ መውጣትንም እሸሽ ነበር።

በመጨረሻ በባለቤቴ ግፊት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቁመቴ 1.76 ሜትር፣ ክብደቴ 55 ኪሎ ተብሎ ተመዘገበ፤ ክብደቱ ለቁመቱ ካሬ ሲካፈል 17.8 ገደማ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች የሆነውን ከሚገባው ያነሰ ክብደት ይለዋል። አመጋገቤን ከመለወጤ በፊት 66 ኪሎ ነበርኩ። ሐኪሙ ክሳቱን ወዲያው በምግቤ አላሳበበም፤ የደም ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢና የደም ማነስ ምርመራ አዘዘልኝ። ይህን ላሰምርበት እወዳለሁ፤ ለመቀነስ ሳያስብ በ6 ወይም በ12 ወራት ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ያጣ ሰው መመርመር ይኖርበታል፤ «አትክልት ስለምበላ ነው» የሚለው ማብራሪያ የስኳር በሽታን ወይም የሳንባ ነቀርሳን ለወራት ሸፍኖ ሊያቆይ ይችላልና። በእኔ ላይ የተገኘው የቫይታሚን ቢ12 ማነስ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ከክሳቱ ጋር የሚያያዝ ሳይሆን የራሴ ቸልተኝነት ውጤት ነው፤ ይህ ቫይታሚን ከዕፅዋት በአስተማማኝ ሁኔታ ስለማይገኝ ክኒኑን መውሰድ ነበረብኝ።

የቀረው የሂሳብ ጉዳይ ሆነ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ምን እንደማልበላ ሳይሆን ምን ያህል እንደምበላ ጠየቀችኝ፤ ይህን የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። የአንድ ሳምንት ምግቤን ጽፌ ስናየው ሳህኔ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ የሞላው ግን በቅጠላ ቅጠል ነው። 100 ግራም ሰላጣ 15 ያህል ኪሎ ካሎሪ፣ ያው መጠን የተቀቀለ ምስር 115 ያህል ሲሰጥ፣ ኦቾሎኒ ከ550 በላይ ይሰጣል። የቅጠሉ ውሃና አሰር ሆድን ቀድመው ስለሚይዙት ሰውነት የሚበቃውን ሳያገኝ ሰው ጠግቦ ይነሣል።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት ለወሬ የሚበቃ አይደለም። በበሰለው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት እጨምራለሁ፤ ይህ ብቻውን 120 ያህል ኪሎ ካሎሪ ነው። ኦቾሎኒና ሰሊጥ ከመክሰስነት አልፈው የምግቤ አካል ሆነዋል፤ ምስር፣ ሽምብራ ወይም አኩሪ አተር ከማዕዴ አይጠፋም፤ ውሃም ከምግብ በፊት መጠጣቱን ትቻለሁ። ትርፉ ምግብ ቦርጭ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት አነሣለሁ። በሰባት ወር 5 ኪሎ ጨመርኩ፤ ብዙዎች ይህ አዝጋሚ መስሏቸው መንገድ ላይ የሚተዉት ይመስለኛል። ጉንጬ ግን አሁንም እንደ ጎደጎደ ነው፤ ምናልባትም እንዲሁ ይቀር ይሆናል። ክሳቴን ይደብቁልኛል ብዬ የምለብሳቸውን ሰፋፊ ሸሚዞችም በልኬ አሰፋኋቸው፤ በሰፊ ልብስ ውስጥ ሰው የባሰ መንምኖ ይታያል። «ከሳህ» ለሚለኝም አሁን መልሴ «ክብደቴን እየተከታተልኩ ነው» የሚል ብቻ ነው፤ ክርክር የሚፈልግ ሰው በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

እንደ እኔ ለሚመገቡ ሰዎችም የምለው አለኝ። የሚያስደስተንን ጥናት እንጠቅሳለን፤ የሚከብደንን እናልፋለን። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው፣ በብሪታንያ 55 ሺህ ያህል ሰዎችን በአማካይ ለ18 ዓመታት ገደማ የተከታተለው የኤፒክ ኦክስፎርድ ጥናት፣ ከእንስሳት ምርት ፈጽሞ የራቁት ተሳታፊዎች አጥንታቸው የመሰበር ዕድሉ ሥጋ ከሚበሉት በ43 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ በዳሌ ስብራት ረገድማ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። የሰውነት ክብደት፣ ካልሲየምና ፕሮቲን ከግምት ሲገቡ ልዩነቱ በከፊል ይጠባል፤ ስለዚህም የክብደት ማነሱ ጉዳይ የመልክ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባም። እኔ ይህን አንብቤ አመጋገቤን አልተውኩም፤ ሚዛን መሸሼን ግን ተውኩ።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በየጊዜው የምታወጡት የምግብ ሠንጠረዥ አንድ ምግብ «ለመቀነስ» ስንት እንደሚፈቀድ ብቻ ያሳያል፤ ከጎኑ «ለመጨመር» የሚል አንድ ረድፍ ይጨመርበት፤ መጠኑም በግራም ብቻ ሳይሆን በማንኪያና በጭልፋ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ