የስታትስቲክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሪህ ያለባቸው ስንት ናቸው?

የስታትስቲክስ ክበብ ዘንድሮ የሠራው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሕዝብ አዋቂዎች መካከል ምን ያህሉ ጋውት የሚባለው የሪህ በሽታ እንዳለባቸው እንዴት ይገመታል የሚል ነው። ጋውት በደም ውስጥ የበዛው ዩሪክ አሲድ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች ሠርቶ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ከእግር አውራ ጣት የሚጀምር ሕመም ነው። አስተማማኙ ምርመራ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ ክሪስታሉን በማይክሮስኮፕ ማየት ቢሆንም፣ ይህን በሺህ በሚቆጠሩ ጤነኞች ላይ ማድረግ ስለማይታሰብ ተመራማሪዎች ወይ ሰውን ይጠይቃሉ ወይ የሕክምና መዝገብ ያገላብጣሉ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ጥናት ተሳታፊዎቹን የጠየቀው ሪህ እንዳለባቸው ሐኪም ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ ነግሯቸው እንደሆነ ነው። በ2007–2008 እ.ኤ.አ. 3.9 በመቶ የሚሆኑት አዋቂዎች፣ ማለትም 8.3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ አዎ ብለዋል፤ በ2015–2016 መቶኛው ያው 3.9 ሆኖ ሳለ የሰዎቹ ቁጥር ወደ 9.2 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ይህ በክበቡ ውስጥ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ የጨመረው የአዋቂው ሕዝብ ብዛት እንጂ የበሽታው ድርሻ አለመሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው አስልተው ደረሱበት። የሐኪሞችን መዝገብ የተከተለ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ ለ2012 2.49 በመቶ አግኝቷል፤ ሆኖም የቆጠራው መንገድ የተለያየ በመሆኑ ሁለቱን አሃዞች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱ አገር ይብሳል ማለት አይቻልም።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደብን የተሳሳተ መልስ የሚያስከትለው መዛባት ነበር። ለልምምድ ያህል ከ1,000 ሰዎች 40ዎቹ በእርግጥ ሪህ አለባቸው እንበል። ጥያቄው ከእነዚህ 80 በመቶውን ቢይዝ 32 ሰዎች ይገኛሉ፤ ከቀሩት 960 ጤነኞች ውስጥ 2 በመቶ ብቻ ሌላ የመገጣጠሚያ ሕመምን ከሪህ ቆጥረው አዎ ቢሉ ግን 19 ሰዎች ይጨመራሉ። ስለዚህ ስምንት ሕሙማን አምልጠውን እንኳ ግምታችን ከ4 በመቶ ወደ 5.1 በመቶ ያሻቅባል። በሽታው ብርቅ በሆነ መጠን የጤነኞቹ ጥቂት ስሕተት ከሕሙማኑ ብዙ ስሕተት እንደሚከብድ ሰሌዳው ላይ ሲያዩ፣ አንዳንዶቹ ስሌቱን ሦስቴ ደጋግመውታል፤ ደግመው ማስላታቸውን ወድጄላቸዋለሁ።

የዕድሜን ጉዳይም አልዘለልነውም። ሪህ ከዕድሜ ጋር ስለሚጨምርና በወንዶች ላይ ስለሚበዛ፣ አረጋውያን የበዙበት ሕዝብ በየዕድሜው ያለው ድርሻ ከሌላው ባይለይም እንኳ አጠቃላይ አሃዙ ይገዝፋል። ከ60 ዓመት በታች 1 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 8 በመቶ ብለን ስናሰላ፣ አረጋውያኑ 10 በመቶ በሆኑበት ሕዝብ ውጤቱ 1.7፣ 30 በመቶ በሆኑበት ደግሞ 3.1 ሆነ።

ተማሪዎቹ የየቤታቸውን አዋቂዎች እንጠይቅ ብለው ነበር፤ አልፈቀድኩም። የቤተሰብ ሕመም ለክፍል መወያያ መሆን እንደሌለበት አምናለሁ፤ ከዚህም ሌላ የተማሪ ወላጆች በዕጣ የተመረጡ ናሙና አይደሉም፤ በዕጣ የተመረጡ 100 ሰዎች ቢገኙ እንኳ 4 በመቶ የሚለው ግምት ከ1 በመቶ ገደማ አንሥቶ እስከ 10 በመቶ ገደማ በሚዘልቅ የእርግጠኝነት ወሰን ውስጥ ይዋልላል። በምትኩ በኮምፒውተር በፈጠርነው ሕዝብ ላይ ናሙና እያወጣን ሠርተናል፤ የሚቀጥለው ዓመት አባላትም በዚሁ ሕዝብ ላይ ጥያቄውን ትተው የመድኃኒት ማዘዣ መዝገብን ተከትለው ይቆጥራሉ።