ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ትልልቆቹ ጎማዎችህ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? ሃይሉክስህን በፎቶ አየኋት። አምራለች፣ አልዋሽህም። ግን በስልክ "እማ፣ ናፍጣ ጨረሰችኝ፣ ሞተሩን ላስፈትሽ ነው" ስትለኝ ሳቄ መጣ። ሞተሩ ምን አደረገህ? ጎማ ቀይረህ የለ እንዴ!

እኔ መኪና ስር ተኝቼ አላውቅም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን ስምሪት ክፍል ውስጥ የነዳጅ ኩፖን ስሰጥና የኪሎ ሜትር መዝገብ ሳመሳክር ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ለእኔ ተወው።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብብ። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው 265/65 አር 17 ነበር፣ አንተ የገጠምከው 285/70 አር 17 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት ከመቶ እንደሆነ ይነግርሃል፣ የመጨረሻው ደግሞ የቸርኬው መጠን ነው፣ በኢንች። ስታሰላው የድሮው ጎማ ከላይ እስከ ታች 776 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ አዲሱ 831። በ7 ከመቶ በለጠ ማለት ነው።

ጉዱ ያለው እዚህች 7 ላይ ነው። መኪናዋ የሄደችበትን የምታውቀው በዙር ቆጥራ ነው፣ ጎማ መቀየርህን ማን ይንገራት? በድሮው ጎማ አንድ ዙር 2.44 ሜትር ያህል ነበር፣ አሁን 2.61 ነው፣ እሷ ግን እስካሁን በድሮው ነው የምትቆጥረው። ቆጣሪው 100 ሲልህ አንተ 107 ሄደሃል።

"በ40 ሊትር 400 ኪሎ ሜትር እሄድ ነበር፣ አሁን 350 ብቻ" አላልከኝም? 350ውን በ1.07 አባዛው። ወደ 375 ይጠጋል። ስለዚህ ጠፋ ካልከው 50 ኪሎ ሜትር ግማሹ አልጠፋም፣ ሄደህበታል፣ ቆጣሪው ነው ያልመዘገበልህ።

አንድ ጊዜ እኛ ጋ በዚሁ ጉዳይ ሰው ሊያልቅ ነበር። አንዷ የፊልድ መኪና ጎማ ተቀይሮላት በሊትር የምትሄደው ቁልቁል ወረደ። አለቃው በቃ ሹፌሩ ናፍጣ ቀድቶ ሸጧል አለ፣ ደብዳቤ ሊጻፍበት ሆነ። እኔ የድሮውን መዝገብ ገልጬ አየሁ። ሁልጊዜ 300 ኪሎ ሜትር ተብሎ የሚጻፈው መንገድ አሁን 280 ተብሎ ተጽፏል። እንዴ፣ ያው መንገድ! ሹፌር ሊሰርቅ ቢፈልግ ኪሎ ሜትር ይጨምራል እንጂ ለምን ይቀንሳል? ሄደን ጎማውን ለካነው፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ሌላው ግማሽ ግን የእውነት ነው፣ ከኪስህ ነው የሚወጣው። አዲሱ ጎማ ይከብዳል፣ ክብደቱም ከመሃል ርቆ ጠርዙ ላይ ነው ያለው። ባልዲ ውሃ ደረትህ ላይ አስጠግተህ ስትይዝና እጅህን ዘርግተህ ስትይዝ አንድ ነው? አንተ ደግሞ የምትነዳው ከሰሚት መገናኛ ነው፣ ትነሳለህ ትቆማለህ፣ ትነሳለህ ትቆማለህ፣ በተነሳህ ቁጥር ያንን ሁሉ ክብደት ለማሽከርከር ናፍጣ ታቃጥላለህ፣ ከዚያ ፍሬን ረግጠህ ያንን ጉልበት ትጥለዋለህ። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ ከሆነ ደግሞ አስፋልት ላይ በየዙሩ እየታጠፈ ጉልበት ይበላል። ረጅም መንገድ ላይ ንፋሱም አለ፣ መኪናዋ 27 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብላለች።

ጓደኛህ "ጎማ ሲተልቅ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ነዳጅ ይቆጥባል" ብሎሃል አሉ። ሜዳ ላይ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ያለ ጭነት ስትሄድ ትንሽ እውነት አለው። እንጦጦን ስትወጣ ግን መሬት ላይ የሚደርሰው ጉልበት ስለቀነሰ አንድ ማርሽ ወደ ታች ትመልሳለህ፣ ያኔ ቁጠባው የት አለ?

እኔን ግን ከናፍጣው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ፍሬኑ ነው። ለፋሲካ ወደ ማርቆስ ስትመጣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ መውረድህ አይቀርም። የተለቀ ጎማ ለማቆም ይከብዳል። በዚያ ላይ ጌጁ 80 ሲልህ አንተ 85 አካባቢ ነህ። ከባድ ማርሽ ይዘህ ውረድ፣ ፍሬኗን አታግላት።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ወደ ድሮው ልክ መልስ። ጭቃ የምትገባበት ሥራ ቢኖርህ ሌላ ነገር ነበር። እንቢ፣ ቁመናዋን ወድጄዋለሁ ካልክ 265/70 አር 17 አለልህ፣ ከፋብሪካው የሚበልጠው በ3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። እስከዚያው በስልክህ ጂፒኤስ ቆጣሪውን አመሳክር፣ ከአንድ ማደያ እስከ አፉ ሞልተህ ንዳ፣ ደግመህ እዚያው ሙላና በሊትር ስንት እንደሄድክ ጻፍ። ዘይት መቀየሪያውንም አስተካክል፣ ቆጣሪው 5,000 ሲል 5,350 ሄደሃል። መሪውን እስከ ዳር አዙረህ ጎማው ፓራፋንጎ እንዳይነካም እይ። ትርፍ ጎማህ ደግሞ አሁንም የድሮው ልክ ነው፣ ከትልልቆቹ ጋር ቀላቅለህ ረጅም መንገድ እንዳትነዳ።

የድሮዎቹን ጎማዎች አልሸጥካቸውም አይደል? ከሸጥካቸው ለአባትህ ሳትነግረው መጀመሪያ ለእኔ ደውል።

እናትህ