ለእማዬ፣ ስለ አባዬ ማሲንቆ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው ሳምንት በስልክ ያነሣሽብኝን ጉዳይ ያን ጊዜ ቶሎ መመለስ ስላቃተኝ፣ ደግሞም የእኛ የስልክ ነገር መጯጯህ እንጂ መነጋገር ስላልሆነ፣ በጽሑፍ ማድረጉን መረጥሁ። ደብዳቤውን የሚያነብልሽ ታላቅ ወንድሜ ስለሆነ፣ ያልተስማማው ቦታ ሲደርስ እንዳይዘልል አደራሽን ተቆጣጠሪው።

ጉዳዩ ያው የአባዬ ማሲንቆ ነው። ያ የጎረቤት ልጅ፣ ሊስትሮው፣ የአባዬ ሙት ዓመት ካለፈ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቶ ማሲንቆው እንዲሰጠው እንደ ጠየቀሽ፣ ወንድሞቼ ግን ከፎቶግራፉ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀመጥ እንዳሉ ነግረሽኛል።

እማዬ፣ ያ ማሲንቆ ከግድግዳ ሳይወርድ የከረመበትን ጊዜ እኔ የማስታውሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም በ1985 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ባንድ ሰሞን የገቡ ጊዜ ነው። በሌላው ዓመት የአባዬ እንጀራ በሁለቱ ጾሞች መካከል ሾልኮ የሚገኝ ነበር፤ የክርስቲያኑ ሠርግ በጥር ደምቆ ሁዳዴ ሲገባ ሲዘጋ፣ የሙስሊሙ ሠርግ ይቀጥላል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ተራው የክርስቲያኑ ይሆናል። አንቺ «በሁዳዴ ዘፈን!» እያልሽ ታጉረመርሚያለሽ፤ እያጉረመረምሽም ሠርግ ቤት ጾሙን እንዳይገድፍ በሶውን በመሐረብ ትቋጥሪለታለሽ። ንስሐ አባቱ ስግደት ያዙበታል፤ እሱም ሰግዶ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ግን ሁለቱም በር ባንድ ጊዜ ተዘጋና አባዬ ድንጋይ ሊሸከም ለቀን ሥራ ወጣ።

አንድ ቀን አንቺም እሱም በሌላችሁበት በርጩማ ላይ ቆሜ ማሲንቆውን አወረድሁት። ደጋኑን እንደ መጋዝ ብስበው ጭራው ተበጠሰ። አባዬ ማታ ሲመጣ ከአልጋ ሥር ነበርሁ፤ ከዚያ ሆኜ የማየው አቧራ የለበሰ እግሩን ብቻ ነው። እግሩ ግድግዳው ዘንድ ሄዶ ቆመ፣ ቆየ፣ ከዚያ ወደ አልጋው ዞረ። «ይሄስ ከመጀመሪያውም አርጅቶ ነበር» አለ። በሳምንቱ ከገበያ የፈረስ ጭራ ይዞ መጣና አስቀምጦ አስተማረኝ። ጭራው በውኃ ይርሳል፤ ከዚያ በጣት እየተበጠረ ይሰለፋል፤ አንዱ ፀጉር ከሌላው ካጠረ ድምፁ ያኮርፋል። ጫፉን እኔ በጥርሴ ነክሼ ይዤ እሱ ከወዲያ ቋጠረው። ደጋኑን ዕጣን ስናስነካው ገና ሲስቡት ያቃስታል፤ አባዬ «አፉን እየፈታ ነው» ይል ነበር።

ወንድሞቼ አባዬ አንድ ዘፈን እንኳ በሬዲዮ ሳይተላለፍለት አለፈ እያሉ ይቆጫሉ። በደርግ ዘመን ደሴ ላይ የላሊበላ ኪነት ቡድን እነ ማሪቱ ለገሰን ሲያወጣ፣ እሱም ና ተብሎ እንደ ነበረ፣ ነገር ግን አንቺ የመጀመሪያ ልጅሽን ነፍሰ ጡር ስለ ነበርሽ እንደ ቀረ ለእኔ ነግሮኛል። አንቺ ደግሞ «ፈርቶ ነው» ትያለሽ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ አልፈርድም። የማውቀው ግን የአምባሰል ቅኝት ስሙን ያገኘው ከእኛው አገር መሆኑን ሲያወራ ልክ ተራራውን እሱ ያቆመው ይመስል እንደ ነበር ነው። ጭራው አንድ፣ ጣቱ አራት፣ ትዝታውም፣ ባቲውም፣ አምባሰሉም፣ አንቺሆዬውም ከዚያችው ከአንዷ ጭራ ይወጣል። ጣቱ ጭራውን ይነካል እንጂ እስከ ዘንጉ አይጫነውም፤ ይህን ለመልመድ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ እኔ አልቻልሁትም።

ትምህርት ቤት አንድ መምህር በክፍል ፊት «የአዝማሪ ልጅ» ብሎኝ አልቅሼ የመጣሁ ዕለት አንቺ ልትሟገቺ ነጠላሽን ስታጣፊ አባዬ ከለከለሽ። «አዝማሪም መዝሙርም ከግእዙ ‹ዘመረ› የወጡ ናቸው፤ መምህርሽ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ምን ሊሰማ እንደሚሄድ ጠይቂው» አለኝ። አልጠየቅሁትም፤ በዚያ ዕድሜ ማን ይደፍራል። ነገር ግን ከሠርግ በመጣ ቁጥር ግንባሩ ላይ የተለጠፈለትን፣ በላብ የረጠበውን ብር በሰፌድ ላይ አንድ በአንድ እየዘረጋሽ ስታደርቂ፣ ከዚያም የእኛን ደብተርና ጫማ፣ የቤት ኪራዩንም ጨምረሽ ከፋፍለሽ ስታስቀምጪ አይቻለሁ። ያ ሰፌድ ላይ ያየሁት ብር ነው አስተማሪ ያደረገኝ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ሲቃረብ፣ ከቤት ስትወጡ አባዬ ማሲንቆውን በአንቺ ጋቢ ጠቅልሎ በመያዙ ምን ያህል እንደ ተቆጣሽ እስከ ዛሬ ትነግሪናለሽ፤ በእርግጥም ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ማሲንቆ አይለበስም። ግን ደግሞ እዚያው መጠለያ ውስጥ አንድ ማታ፣ በብርዱ የላላውን ቆዳ የሰው ምድጃ ለምኖ አሙቆ ሲጫወት፣ «ተቀበል!» ብለሽ የመጀመሪያውን ግጥም የሰጠሽው አንቺ እንደ ነበርሽ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ይህን ለምን እንደ ደበቅሽን አላውቅም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ለልጁ ይሰጠው ነው። ወንድሞቼ ፎቶግራፉን ይያዙ፤ እሱ ግድግዳ ይስማማዋል። ማሲንቆው ግን ካልተነካ ቆዳው ይደርቃል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚቀረን ሳጥኑና ዘንጉ ብቻ ነው። ልጁ ይጫወትበት አይጫወትበት ገና አናውቅም፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቋል። ስትሰጪው በክረምት ከግድግዳ አርቆ እንዲያስቀምጠው፣ ቆዳው ሲላላም ከእሳት አጠገብ እንጂ እሳት ላይ እንዳያደርገው ንገሪው። አባዬ እንጀራ ስትጋግሪ ከምጣዱ በስተጀርባ ማሲንቆውን ያቆምበት የነበረውን ቦታ አንቺው አሳዪው።

ትርፍ ጭራው በአሮጌው የቡና ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከዕጣኑ ጋር ተጠቅልሎ አለ። እሱንም አብረሽ ስጪው፤ ሲያስር ጫፉን በጥርስ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል።

አክባሪሽ ልጅሽ