ካሬ የቅርጽ ስም ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በጋዜጣችሁ የመሬት ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «200 ካሬ ቦታ» የሚለውን ባነበብሁ ቁጥር ለቃሉ አዝናለሁ። ካሬ ከፈረንሳይኛ የወረስነው ነው፤ ሥሩም በላቲን አራት ማለት ከሆነው «ኳቱዎር» ይመዘዛል። አራቱም ጎኖቹ እኩል፣ አራቱም ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ የሆኑ ቅርጽ ስም ነው እንጂ የስፋት መለኪያ አይደለም። መለኪያው ካሬ ሜትር ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ። 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ቦታ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው፤ ቅርጹ ግን ካሬ አይደለም። አንዲት ተማሪዬ «ካሬ ከተባለ ጎኖቹ ለምን አይተካከሉም?» ብላ ጠይቃኛለች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። እባካችሁ፣ «ሜትር» የሚለውን ቃል አትቁረጡት።

የሒሳብ መምህር፣ ከአዲስ አበባ