የቤተ ሙከራ ባለሙያዎችም ሥልጠና ይገባቸዋል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ጋዜጣችሁ ስለ ከፍተኛ ትምህርት ጥራት የሚያወጣቸውን ጽሑፎችም በትኩረት እከታተላለሁ። የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ሥልጠና በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ መምህራን ነው። ስንቱ ሦስተኛ ዲግሪ አለው፣ ስንቱ ለትምህርት ውጭ ሄዶ ተመለሰ፣ ስንቱስ በዚያው ቀረ ይባላል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ተማሪው ሙከራ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ከመምህሩ የበለጠ ሰዓት የሚያሳልፈው፣ በተለምዶ ቴክኒካል አሲስታንት የምንለው የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ በዚህ ውይይት ውስጥ ስሙ እምብዛም አይነሳም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዩኒቨርሲቲዎች ለሥልጠና ከሚመድቡት ገንዘብና ጊዜ ለእነዚህ ሠራተኞች ቋሚ ድርሻ እንዲሰጡ ለመጠየቅ ነው።

ለእኛ ለመምህራን መንገዱ ጠባብም ቢሆን ተከፍቷል። ሕጉ የትምህርትና የምርምር ፈቃድ ይሰጠናል፤ ከረዳት ምሩቅ እስከ ፕሮፌሰር የሚያደርሰው የዕድገት መሰላልም በግልጽ የተቀመጠ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውና ሁላችንም ኤችዲፒ (ከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም) እያልን የምንጠራው የአንድ ዓመት የማስተማር ሙያ ሥልጠናም አለ። ከምረቃ ማግስት መምህር ሆነው የተቀጠሩ ብዙ ወጣቶች ተማሪን ማሳተፍን፣ ምዘና ማዘጋጀትንና የራሳቸውን ክፍል ችግር በተግባራዊ ምርምር መፈተሽን የተማሩት በዚህ ሥልጠና ነው። ለምስክር ወረቀቱ ብቻ የሚገባበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ሆኖም አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ማስተማር እንዲያስብ የተገደደ መምህርና ያልተገደደ መምህር አንድ እንዳልሆኑ ክፍል ገብቶ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ለቤተ ሙከራ ባለሙያው ግን ከዚህ ጋር የሚስተካከል ሥርዓት አልተዘረጋለትም። ሥራውን የሚለምደው ከእሱ በፊት የነበረውን ባልደረባ እያየ ነው፤ ያ ባልደረባም የለመደው እንዲሁ እያየ ነው።

የዚህ ውጤት ምን እንደሚመስል በሁለት ተራ ነገሮች ላሳይ። ፒኤች ሜትር የፈሳሽን አሲድነት የሚለካ፣ በየቤተ ሙከራው የሚገኝ መሣሪያ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የመስታወት ኤሌክትሮድ ከሥራ በኋላ በፖታሲየም ክሎራይድ መፍትሔ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በደረቁ ከተተወ ወይም በተጣራ ውኃ ውስጥ ከሰነበተ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ሲበላሽ ግን ሥራውን አያቆምም፤ ቁጥር ማሳየቱን ይቀጥላል፣ ቁጥሩ የተሳሳተ ይሆናል እንጂ። በፒኤች 4፣ 7 እና 10 በፈሮች፣ ማለትም ፒኤቻቸው አስቀድሞ በሚታወቅ መፍትሔዎች፣ መሣሪያውን ማስተካከል የለመደ ባለሙያ ችግሩን ወዲያው ይደርስበታል። ይህን ማንም ያላሳየው ባለሙያ ግን ስህተቱን ሳያውቅ ለተማሪው ያስተላልፋል፤ ተማሪውም ያንኑ ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ጽፎ ማርክ ያገኝበታል። ኤሌክትሮዱ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ እንዳይበላሽ የሚያደርገው ሥልጠና ከግማሽ ቀን አይበልጥም።

ሁለተኛው የኬሚካል መደርደሪያ ነው። ኬሚካሎችን በእንግሊዝኛ ስማቸው የፊደል ተራ መደርደር ለፍለጋ ይመቻል፤ በዚህ አደራደር ግን በቀላሉ የሚቀጣጠለው አሴቶንና እሳትን የሚያባብሰው አሞኒየም ናይትሬት በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገናኛሉ። ትክክለኛው አቀማመጥ በአደጋ ዓይነታቸው መለየት ነው። ይህንንም ባለሙያው በግምት እንዲደርስበት መጠበቅ አይገባም፤ ሊነገረውና በእጁ ሊሠራው ይገባል። እዚህ ላይ የተማሪዎችም የሠራተኞችም ደኅንነት አለበት፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ተጨማሪ ጥቅማጥቅም የሚያዩ ኃላፊዎች ደግመው እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

ክፍተቱ ባለፉት ዓመታት ሰፍቷል። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በጣት ከሚቆጠሩት ተነስቶ ከ40 በላይ ደርሷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተግባራዊ የሆነው 70 በመቶ ተማሪ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምደባ ደግሞ በርካታ ተማሪ ወደ ቤተ ሙከራ እንዲጎርፍ አደረገ። ሕንፃ ተሠራ፣ መሣሪያ ተገዛ፣ ሠራተኛም ተቀጠረ፤ ሥልጠናው ግን አብሮ አላደገም።

ግዥውን ራሱን እንመልከት። አንድ ውድ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በናሙና ውስጥ ያለን የብረታ ብረት መጠን የሚለካው አቶሚክ አብዞርፕሽን ስፔክትሮሜትር፣ ሲገዛ የአቅራቢው መሐንዲስ ለተከላ ይመጣል፤ በዚያው አጭር ሥልጠናም ይሰጣል። በሥልጠናው ላይ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ የርክክብ ሰነዱን የሚፈርሙ ሰዎች ናቸው። መሣሪያውን በየዕለቱ የሚያበራውና የሚያጠፋው፣ የአሲታይሊን ጋዙን የሚከፍተውና የሚዘጋው ባለሙያ በዚያ ሰዓት በር እንዲከፍትና ወንበር እንዲያቀርብ ይታዘዛል። መሐንዲሱ ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ሲበላሽ ጠያቂም መላሽም ይጠፋል፤ መሣሪያውም ፕላስቲክ ለብሶ ይቀመጣል። የግዥ ውሉ ላይ ሥልጠናው ለቤተ ሙከራው ባለሙያ በስም እንዲሰጥና ክፍያው ያለ እሱ ፊርማ እንዳይጠናቀቅ የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨመር ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ጉዳቱ በቀላሉ የማይታይበት ምክንያትም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ዕውቀትን ይመዝናል፤ ተማሪው ቢዩሬት የተባለውን የፈሳሽ መለኪያ ቱቦ አስተካክሎ ማንበብ ይችል እንደሆነ ግን ሊጠይቅ አይችልም። ጉድለቱ የሚገለጠው ተመራቂው ፋብሪካ ወይም የምግብና የመድኃኒት መመርመሪያ ገብቶ መሣሪያ ፊት ሲቆም ነው።

«ካሠለጠንናቸው ጥለውን ይሄዳሉ» የሚለውን መልስ ከኃላፊዎች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም፤ እጁ የሰላ ባለሙያ በግል ድርጅት የተሻለ ደመወዝ ያገኛል። ነገር ግን መምህር ለትምህርት ሲላክ ተመልሶ ሊያገለግል ውል ይፈርማል፤ ለአጭር ሥልጠና የሚመጥን መጠነኛ የአገልግሎት ግዴታ ለቴክኒክ ባለሙያውም ማዘጋጀት አያዳግትም። ደግሞም ሰው የሚለቀው ዕድገት በሌለበት ነው። በአንድ የሥራ መደብ ላይ ለዓመታት የቆየ፣ የሚያውቀው ሁሉ በደረጃውም በደመወዙም ላይ ቦታ የሌለው ሠራተኛ ባይሠለጥንም መሄጃውን መፈለጉ አይቀርም።

ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ ሬጅስትራር ሠራተኞችም ብዙ ማለት ይቻል ይሆናል፤ እነሱ ስለ ራሳቸው ቢጽፉ ይሻላል። በእኔ በኩል የምጠይቀው ግልጽ ነው። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተለዩት 8ቱ፣ ማለትም አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ሐረማያና መቀሌ፣ ከአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ ባለሙያዎችን በክረምት፣ የመደበኛ ተማሪዎች ቤተ ሙከራ ፋታ በሚያገኝበት ወቅት፣ ለአንድ ወር ያህል ተቀብለው ከነባር ባለሙያዎቻቸው ጎን ቢያሠሯቸው ይቻላል። በሆቴል አዳራሽ በስላይድ ከሚሰጠውና አበል ተከፍሎበት ከሚበተነው ስብሰባ ይህ የተሻለ ፍሬ ይሰጣል። ያገኙት ሥልጠና ለደረጃ ዕድገታቸው እንዲቆጠር ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴርና የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን አብረው መመሪያ ሊያወጡ ይገባል። የዩኒቨርሲቲ ቦርዶችም የቀጣዩን ዓመት የሥልጠና ዕቅድ ሲያጸድቁ ከሠልጣኞቹ መካከል የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ስንት እንደሆኑ እንዲጠይቁ፣ መልሱ «የሉም» ከሆነ ዕቅዱን እንዲመልሱት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኬሚስትሪ መምህር