ዳሌ ተቀይሮ በርጩማ ላይ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጉዳዬ የዳሌ መገጣጠሚያ የተቀየረላቸው ሰዎች በጎንደር ቤቶቻችን ስለሚገጥማቸው ችግር ነው። እናቴ ከሆስፒታል ስትወጣ የተነገራት «ይጠንቀቁ» ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ስትቆላ አገኘኋት፤ ጉልበቷ ከዳሌዋ በላይ ወጥቷል። እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ አዲሱን መገጣጠሚያ ሊያወልቀው ይችላል። ቁጢጥ የሚያስብለው መጸዳጃ ቤትማ ይብሳል። ጠያቂው ሁሉ ደግሞ «አይነሡ፣ ይረፉ» ይላል፤ አልጋ ላይ መዋል ግን ጡንቻን ያደክማል፣ የእግር ደምንም ያረጋል።

ሐኪሞች ታካሚውን ከመሸኘታቸው በፊት ስለ ቤቱ መቀመጫና መጸዳጃ ይጠይቁ፤ የሚፈቀደውን የመቀመጫ ከፍታም በአማርኛ ጽፈው ይስጡ። ለመጸዳጃው የሚሆን መሐሉ የተቀደደ ከፍ ያለ ወንበር የሰፈር አናጢ ይሠራዋል።

አንድ አንባቢ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር