ለእማዬ ለደረሳችሁላት ሁሉ

እማዬ ባለፈው እሁድ ያለ ከዘራ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መጣች። የ12 ወሩን የአጥንት ቲቢ መድኃኒት ጨርሳለች። ተመስገን! ያየነውን መከራ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም።

ዶክተር፣ ስሜን አታንሺ ስላልሽኝ አላነሳውም። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የወገቧን የኤም አር አይ ምስል አንብበሽ ውጤቱን ጽፈሽ ብትልኪ ማንም አይወቅስሽም ነበር። አንቺ ግን ኮሪደሩ ድረስ ወጥተሽ "የእማማ ልጅ የታለች?" ብለሽ ፈለግሽኝ። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥሽኝ። የተጎዱትን ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች፣ በመሃላቸው ያለውን ዲስክ የሚባል ትራስ፣ ጎናቸው የተጠራቀመውን መግል በጣትሽ አሳየሽኝ። እኔ ካንሰር ነው ብዬ ቆርጬ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም እንባዬ ይመጣል። "ካንሰር ብዙ ጊዜ ዲስኩን አይነካም። ይሄ የአጥንት ቲቢ ይመስለኛል" አልሽኝ። "ሳትሳል፣ ደረቷ ንጹህ ሆኖ ቲቢ?" አልኩሽ። "አዎ፣ ይሆናል። ግን ምስል ብቻውን አይበቃም፣ ናሙና ይወሰድ" አልሽ። በሲቲ ስካን እየታየ በመርፌ ተወሰደ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የናሙና ምርመራም ቲቢ መሆኑን አረጋገጠ።

ሌላም ነገር አለ። ለወራት "የወገብ ሕመም ነው፣ ራጁ ምንም የለውም" ስንባል ከርመናል። ለምን ቀድሜ አላመጣኋትም እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። "አጥንቱ በደንብ ካልተጎዳ ራጅ ላይ አይታይም፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" ያልሽኝ ቀን ነው የተኛሁት። እማዬን አዳንሽ፣ እኔንም አሳረፍሽኝ።

የኤም አር አዩ ማሽን ሲጮህ እማዬ ፈርታ ነበር። በማይክሮፎን "እማማ፣ ትንሽ ቀረን" እያልክ ያበረታሃት የማሽኑ ባለሙያ ወንድሜ፣ ዛሬም ድምፅህን ታነሳለች።

የጤና ጣቢያችን የቲቢ ክፍል ሲስተሮች፣ የእድራችን ሰዎች፣ ጎረቤቶቻችን፣ ለኤም አር አዩ ከውጭ ገንዘብ የላካችሁ ዘመዶች፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። ስማችሁን ያልጠራኋችሁ እባካችሁ አትቀየሙኝ። ያኔ ማን መጣ ማን ሄደ የማውቅበት ልብ አልነበረኝም። ማታ ማታ ስታድሩልን የነበራችሁትንማ እንዴት እረሳለሁ!

ዶክተር፣ እማዬ "ያቺን ልጅ አምጪልኝ" እያለችኝ ነው። ቅዳሜ ቡና ታፈላለች። ራሷ ቆማ፣ ራሷ ቆልታ። እንዳትቀሪ።